ትልቁ ስፒከር ወይስ ትንሹ? መካከለኛ በጀት ላለው ሙዚቃ ወዳድ

ጥያቄ፦ «ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ አሁን ለሳሎኔ ጥሩ ስቴሪዮ ስፒከር ልገዛ ነው። በጀቴ መካከለኛ ነው፤ የምፈልገው ግን ሃይ-ኤንድ የሚባለውን ዓይነት ድምፅ ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ለሙዚቃ ብቻ እንጂ ለፊልም አልጠቀምበትም። በያዝኩት ገንዘብ ከአንድ ታዋቂ ኩባንያ ዝቅተኛ ምርቶች ውስጥ መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ስፒከር ይገኛል። በዚያው ዋጋ ኩባንያው ከፍ ካሉት ምርቶቹ ውስጥ ትንሽ፣ ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ስፒከር ይሸጣል። የትኛውን ልውሰድ? ለአምፕሊፋየርና ለገመድስ ስንት ላስቀር?»

ምላሽ፦ ትንሹን ይውሰዱ።

ምክንያቱ ግን ሰፋ ያለ ነው። ምክንያቱን ይዘው ካልሄዱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ትልቁ ተከፍቶ ቤዙ ደረትዎን ሲመታዎ ሐሳብዎን መቀየርዎ አይቀርም። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጥሩ ስፒከር ከመናኛው የሚለይባቸውን ነገሮች በሁለት ልክፈላቸው። አንደኛው ወገን በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ሊጨመር የሚችል ነው። ጥልቅ ቤዝ ከዚህ ወገን ነው፤ ቤት የሚያናውጥ ጩኸትም እንዲሁ። ሁለተኛው ወገን ስፒከሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሌለው በምንም ገንዘብ የማይጨመር ነው። የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ መምሰሉ፣ ዘፋኙ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ቆሞ መሰማቱ፣ ፒያኖና ጊታር ሳይደበላለቁ መለየታቸው፣ ረጅም ሰዓት ሲያዳምጡ ጆሮ አለመድከሙ። ሰው ለውድ ስፒከር ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው በዋናነት ለዚህ ለሁለተኛው ነው። በመካከለኛ በጀትም ይገኛል። ዋጋው አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ወገን ለጊዜው መተው።

ስፒከር ሠሪ ሁሉ የሚጋፈጠው አንድ የፊዚክስ ሕግ አለ። ሕጉን ያስቀመጠው ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ከፍ ብሎ መጮህ። ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ማግኘት ግን አይቻልም። «ትንሽ ነው፣ ግን ቤዙ ልክ የለውም፣ በ20 ዋትም ቤቱን ይሞላል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ከሦስቱ አንዱ ውሸት ነው።

ትልቁ ስፒከር ችግሩን የሚፈታው በሳጥን ስፋት ነው። ሳጥን ደግሞ ገንዘብ ይበላል። እንጨቱ፣ የውስጥ ማጠናከሪያው፣ የላይ ሽፋኑ፣ ካርቶኑ፣ ማጓጓዣው፣ ተጨማሪዎቹ ዉፈሮች (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት)፣ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ዋጋ ላይ ነው። ዋጋው እኩል ሆኖ ሳጥኑ ሦስት እጥፍ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ተቆጥቧል ማለት ነው። የሚቆጠበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዓይን ከማያየው ነው፤ ከክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዉፈሩና ለትዊተሩ ከሚያከፋፍለው ክፍል)፣ ከትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው)፣ ከሳጥኑ ግድግዳ ውፍረት። ሱቅ ሲሄዱ የሁለቱንም ጎን በጣትዎ አንጓ ያንኳኩ። በደንብ የተሠራው ድፍን ያለ አጭር ድምፅ ይሰጥዎታል። መናኛው ባዶ፣ የሚጎትት ድምፅ ያሰማል። ያ ጎን ሙዚቃ ሲከፈትም ዝም አይልም። የራሱን ድምፅ እየጨመረ የዘፋኙን ድምፅ ያጨፈግገዋል።

ትንሽ ስፒከር ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የቢቢሲን ኤልኤስ 3/5ኤ ያስታውሱ። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ይህን ስፒከር ያዘጋጀው በጠባብ የስርጭት መኪና ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎቹ ነበር። ዉፈሩ 5 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ቤዙ ቀጭን ነው፤ ብዙም አይጮህም። የተናጋሪን ድምፅ ግን ሳያዛባ ያሰማል። በዚህ ብቻ ከስርጭት መኪናው ወጥቶ ሰዎች ሳሎን ገባ። ይኸው ዛሬም ይመረታል፣ ዛሬም ወዳጆች አሉት።

«ቤዙን ሳጣ ሙዚቃው አይጎድልም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ቁጥሩን በኸርዝ እንመልከት፤ ኸርዙ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው። የፒያኖ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ነው። 6 ኢንች ተኩል ዉፈር ያለው ጥሩ ትንሽ ስፒከር እስከ 50 ኸርዝ አካባቢ በደንብ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች እየደከመ ይሄዳል። የክፍሉ ግድግዳዎችም ትንሽ ያግዙታል። በዚያ ላይ የ41 ኸርዝ ኖታ ብቻውን አይመጣም፤ በ82 እና በ123 ኸርዝ ሃርሞኒክ (አብሮት የሚወጣ ቀጠን ያለ ድምፅ) አለው። ጆሮ እነዚያን ሲሰማ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የሚያጡት የታችኛውን ጫፍ እንጂ ዜማውን የሚሸከመውን ቤዝ አይደለም።

ይህን ስል ቤዝን እያቃለልኩ አይደለም። ሾን ኦሊቭ የተባለው ተመራማሪ በ2004 ባወጣው ሥራ የ70 ስፒከሮችን ልኬት አድማጮች ከሰጧቸው ነጥብ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ለነጥቡ 30 በመቶ ያህል ድርሻ የነበረው ቤዝ ነው። ትልቅ ድርሻ ነው። ነገር ግን ቤዝ ብቻውን ተለይቶ ሊገዛ ይችላል፤ በኋላ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ተጨማሪ ስፒከር) ሲጨምሩ 30 በመቶው ይመጣል። ዛሬ መናኛ ትዊተርና ክሮስኦቨር ከገዙ ግን የቀረውን 70 የሚያመጣልዎ ተጨማሪ ዕቃ የለም።

እንግዲህ ትንሹን እንግዛ ካልን፣ የቱን ትንሽ? ትንሽ ስለሆነ ብቻ ጥሩ የሚሆን ስፒከር የለም።

እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ነገሩ በደንብ ተጠንቷል። ፍሎይድ ቱል የተባለው ሳይንቲስት በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም በሃርማን ኩባንያ፣ ለአሥርተ ዓመታት የሠራው ይህንኑ ነው። አድማጮች የሚሰሙትን ስፒከር እንዳያዩ ይጋረዳል። ማን እንደሠራው፣ ስንት እንደሚያወጣ አያውቁም። የሰጡት ነጥብ በላቦራቶሪ ከተወሰደው ልኬት ጋር ይተያያል። ውጤቱ በተደጋጋሚ ያሳየው ሁለት ነገር ነው። ሰዎች የሚወዱት፣ አንደኛ፣ ፊት ለፊት ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ) ሳያበላልጥ የሚያሰማውን ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅ ከፊተኛው ጋር የሚመሳሰለውን፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድ ቀስ እያለ ብቻ የሚቀንሰውን።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ገዢዎች ጨርሶ የማያስቡት እሱን ነው። ሳሎን ውስጥ ሲቀመጡ የሚሰሙት ከስፒከሩ ቀጥታ የመጣውን ብቻ አይደለም። ብዙው ድምፅ ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል መትቶ ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ይደርስዎታል። ጎን ላይ የተረጨው ድምፅ የተበላሸ ከሆነ ግድግዳው ያንን ብልሽት መልሶ ይልክልዎታል። ብልሽቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዉፈሩና ትዊተሩ ከሚረካከቡበት ቦታ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ባለው። 6 ኢንች ተኩል ዉፈር እዚያ ሲደርስ ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ እያጠበበ ይልካል። 1 ኢንቹ ትዊተር ደግሞ ገና ሲጀምር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይረጫል። ርክክቡ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ይፈጠራል። ያ ዝላይ ያረፈው ጆሮ በጣም ንቁ ከሆነበት አካባቢ ስለሆነ ድምፁን ሻካራ፣ አድካሚ ያደርገዋል።

ጥሩ መሐንዲስ ይህን የሚያስተካክልበት መንገድ አለው። ትዊተሩን ብዙ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ቅርጽ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ዌቭጋይድ ይባላል። ጎድጓዳው የትዊተሩን ድምፅ ሰብሰብ አድርጎ ከዉፈሩ ጋር ያመሳስለዋል። ኬኢኤፍ የተባለው ስፒከር ሠሪ ከ1988 ጀምሮ የሚጠቀምበት ዩኒ-ኪው ደግሞ ትዊተሩን ዉፈሩ እምብርት ላይ ይተክለዋል፤ ሁለቱ ከአንድ ነጥብ እንዲወጡ። እነዚህ ዘዴዎች በውድ ስፒከር ብቻ የሚገኙበት ጊዜ አልፏል። ለእርስዎ በጀት ትልቁ የምሥራች ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ ገዢ ይህን እንዴት ያውቃል? ስፒኖራማ የሚባለውን ግራፍ ፈልጎ። ሲቲኤ-2034 በተባለው ደረጃ መሠረት ስፒከሩ በየ10 ዲግሪው ዞር እየተደረገ በጎንና በከፍታ 70 ቦታ ላይ ይለካል። ግራፉ ላይ ብዙ መስመሮች ያያሉ። ሁሉንም መረዳት አይጠበቅብዎትም። የላይኛው፣ የፊት ለፊቱ መስመር፣ ቀጥ ያለ ይሁን። ከሥሩ ያሉት ወደ ቀኝ ሲሄዱ ሳይንገጫገጩ በዝግታ ይውረዱ። መሃል ላይ አንዱ መስመር ብቻ ድንገት ቢያብጥ ወይም ቢጎድል ከላይ ያልኩት ዝላይ እሱ ነው።

ከኩባንያ ማስታወቂያ ላይ ግራፍ ሲያዩ ግራ ጎን ያለውን የዴሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ) ቁጥር መጀመሪያ ያንብቡ። 100 ዴሲቤል በትንሽ ሥዕል ውስጥ ከታጨቀ ተራራውም ሜዳ ይመስላል። «ከ45 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ወረቀትም ምንም አልነገርዎትም። ስንት ዴሲቤል እየወጣና እየወረደ? ሲደመርና ሲቀነስ 3 ነው? 6 ነው? ወይስ 10? እሱ ካልተጻፈ ቁጥሩን ይርሱት።

ግራፍ አይቶ መግዛት ብቻውን ይበቃል አልልም። ጆሮዎ ይፍረድ። ነገር ግን ጆሮ የሚሸወድባቸው ጊዜያት አሉና አደማመጥዎን ያስተካክሉ።

ትልቁ ሸዋጅ ጩኸት ነው። ሁለት ስፒከሮች ሲወዳደሩ አንዱ 1 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ካለ፣ አድማጩ «ከፍ ብሏል» አይልም፤ «ይሄኛው ጥርት ይላል» ነው የሚለው። ሻጩ ቮሊዩሙን ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢቀይርም ስፒከሮቹ ሴንሲቲቪቲያቸው (በእኩል ዋት የሚጮሁት መጠን) ስለሚለያይ እኩል አይጮሁም። ስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ይጫኑና ከመቀመጫዎ ሆነው እኩል እስኪሆኑ ያስተካክሉ። አፑ ትክክለኛውን ዴሲቤል ላይነግርዎ ይችላል፤ ልዩነቱን ለማወቅ ግን ይበቃል።

ቀጥሎ የማቀርበው ምክር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱን ብቻ ከፍተው ያዳምጡ። የቱል ጥናቶች እንዳሳዩት አድማጮች የስፒከርን እንከን በሞኖ ሲሰሙ በስቴሪዮ ከሚሰሙት ይበልጥ ይለያሉ። ስቴሪዮ ሲሆን ስፋቱና ግርማው ጉድለቱን ይሸፍነዋል። አንድ ስፒከር፣ አንድ የሚያውቁት ዘፋኝ፣ በመጠኑ የተከፈተ። ድምፁ ከአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለ፣ «ሰ» እና «ሸ» ከሌላው ፊደል ሁሉ ተለይተው ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ይለፉት። ስቴሪዮው በኋላ ይደርሳል።

ሌላም ይሞክሩ። ሻጩ ካልከፋው ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን የማይቋረጥ የሹሹታ ድምፅ ያጫውቱ። ተቀምጠው ይስሙት። እየሰሙ በዝግታ ይነሡ፤ ከዚያ ወደ ጎን ሁለት ሦስት እርምጃ ይሂዱ። የሹሹታው ቀለም በትንሹ ቢለወጥ ያለ ነው። ሲነሡ ግን መሃሉ ተቦርቡሮ የወጣለት ከመሰለ፣ ዉፈሩና ትዊተሩ የሚስማሙት በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስፒከር ሲገዙት አንድ ወንበርና አንድ አቀማመጥ ላይ ያስርዎታል።

ዓይንም ይሸውዳል። ቱልና ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት የሃርማን ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን መጀመሪያ ሳያዩ፣ ኋላ እያዩ ሰምተው ነጥብ ሰጡ። ሳያዩት ጥሩ ነጥብ ያገኘው ትንሽና ርካሽ ስፒከር፣ ሲታይ ነጥቡ ወረደ። ትልልቆቹና ያማሩት ደግሞ ሲታዩ ከፍ አሉ። እነዚህ በሙያው ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ እርስዎም አብሮዎት የመጣውን ሰው ስፒከሮቹን እየቀያየረ እንዲያጫውትልዎ ያድርጉና ዓይንዎን ጨፍነው ይስሙ።

ስም ጥራ ካሉኝ፣ የምጠራው ከሞዴሉ ይልቅ ሠሪውን ነው። አንድሩ ጆንስ የሚባለው መሐንዲስ ለታድ ኩባንያ እጅግ ውድ የሆነውን ሬፈረንስ ዋን ሠርቷል። ይኸው ሰው ለፓዮኒር በጣም ርካሽ የመደርደሪያ ስፒከር፣ ከዚያም ለኤላክ በ2015 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ደቡት ስፒከሮች ዲዛይን አደረገ። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ጭንቅላቱ አንድ ነው። ስፒከር ላይ ትልቁን ልዩነት የሚፈጥረው ደግሞ እሱ ነው፤ ክሮስኦቨሩን ማን፣ በምን ልኬት አስተካከለው? የአልማዝ ትዊተር፣ የካርቦን ኮን (የዉፈሩ ተንቀሳቃሽ ገጽ) ሲባል ቶሎ አይደንግጡ። በጥሩ ክሮስኦቨር የተገራ ተራ የጨርቅ ትዊተር ባልተገራ የከበረ ትዊተር ላይ ሲበልጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

አንድ የተዘነጋ አማራጭም አለ፤ አክቲቭ ስፒከር። አምፑ (አምፕሊፋየሩ) ሳጥኑ ውስጥ ነው። ትዊተሩም ዉፈሩም የየራሱ አምፕ አለው፤ ክሮስኦቨሩም ኤሌክትሮኒክ ነው። ከ1978 ጀምሮ ለስቱዲዮ የሚሠራው የፊንላንዱ ጌነሌክ የሚታወቀው በዚህ ነው። ለአምፕ የሚያስቀሩት ገንዘብ ወደ ስፒከሩ ስለሚዞር በመካከለኛ በጀት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። የሚያስቸግረው ሁለት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ስፒከር የመብራት ገመድ ያስፈልጋል። ክፍሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ከአንዳንዱ ትዊተር ቀጭን የሹሹታ ድምፅ ይሰማል። 3 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ እምብዛም አይረብሽም።

ያገለገለ መግዛት ሌላው መንገድ ነው፤ እኔም በጣም አበረታታዋለሁ። ቴሌቪዥንና ስልክ በጥቂት ዓመት ያረጃሉ። በደንብ የተሠራ ስፒከር ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ጥሩ ስፒከር ነው፤ ዋጋው ግን ወርዷል። በአዲስ ዋጋ የማይደፍሩትን በዚህ መንገድ ያገኙታል። ብቻ ሲገዙ ጊዜ ወስደው ይመርምሩ።

መጀመሪያ መሸፈኛ ጨርቁን ያውልቁት። ዉፈሩን ዙሪያውን ከብረቱ ጋር የሚያያዘውን ቀለበት ይዩ። ስፖንጅ ነው ወይስ ጎማ? ስፖንጅ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበሰብሳል፤ በጣት ጫፍ ቢነኩት ተፈርፍሮ እጅዎ ላይ ይቀራል። ማስቀየር ይቻላል፤ ወጪውን ግን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ጎማ ከሆነ ዕድሜው ረጅም ነው። ቀጥሎ የሁለቱን እጆችዎን ጣቶች ኮኑ ላይ ዙሪያውን በእኩል ዘርግተው በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉትና ይልቀቁት። ያለ ምንም ድምፅ ሄዶ መመለስ አለበት። የመፋቅ ድምፅ ወይም የአሸዋ ስሜት ካለው ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ሳይከራከሩ ይተዉት። ትዊተሩን ግን በእጅ አይንኩት። እሱን የሚፈትኑት በድምፅ ነው። ሞኖ ሙዚቃ ከፍተው ጆሮዎን ከአንዱ ትዊተር ወደ ሌላው ያመላልሱ። አንዱ ደብዘዝ ካለ ወይም ተቀይሯል፣ ወይም ውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ደርቋል፣ ወይም የክሮስኦቨሩ ካፓሲተር ደክሟል። የሁለቱ ሳጥኖች ሴሪያል ቁጥር የተከታተለ ወይም የተቀራረበ ቢሆን ደስ ይላል፤ አብረው የተወለዱ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። አክቲቭ ካልሆነ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለስፒከሩ ያውሉት። ከቀረው አብዛኛው ለአምፑ ይሁን። ማቆሚያና ገመድ በመጨረሻው ጥቂት ገንዘብ ይሸፈናሉ።

ለአምፑ ስንት ዋት? በእርስዎ ሳሎን እናስላው። ትንንሽ ጥሩ ስፒከሮች በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጣሉ። 3 ሜትር ሲርቁ፣ ግድግዳዎቹ የሚመልሱትን ጨምረን፣ 6 ዴሲቤል ያህል እንቀንስ። ሁለት ስለሆኑ 3 እንመልስ። 82 ሆነ። ሙዚቃው ሲያጓራ ለቅጽበት 100 ዴሲቤል እንዲደርስ ቢፈልጉ 18 ዴሲቤል ይጎድላል፤ ያ ማለት 63 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቻናል ከ60 እስከ 100 ዋት ያለው ንጹሕ አምፕ ይበቃዎታል። ከ100 ወደ 200 ዋት መዝለል የሚጨምርልዎ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ቢባልም በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ወደ 4 ኦም ሊወርድ ስለሚችል አምፑ 4 ኦም መሸከሙን ይጠይቁ። አቅሙን የሚያሟሉ ሁለት ጤናማ አምፖች መሃል ያለው የድምፅ ልዩነት፣ ሁለት ስፒከሮች መሃል ካለው ጋር አይወዳደርም።

ገመድ? 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ገመድ፣ የሚያስፈልግዎትን ርዝመት ያህል። ሌላ ምንም።

ማቆሚያው ግን ገንዘብ ይገባዋል። ቁመቱ ሲቀመጡ ትዊተሩን ከጆሮዎ ጋር የሚያስተካክል፣ ከባድ፣ የማይወዛወዝ ይሁን። መጽሐፍ መደርደሪያ ውስጥ የተወሸቀ ስፒከር ዋጋውን ያጣል።

አቀማመጡ ላይ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ብዙ ድምፅ አለ። ስፒከሮቹን በ4 ሜትሩ ግድግዳ በኩል ያቁሟቸው፣ በ5 ሜትሩ ርዝመት እንዲተኩሱ። እርስ በርሳቸው 2.3 ሜትር ያህል ይራራቁ። ወንበርዎ ከኋላ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። የወንበሩ ነገር ወሳኝ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ኸርዝ ላይ፣ የ4 ሜትሩ ስፋት ደግሞ 43 ኸርዝ ላይ የራሱን ድምፅ ያጉረመርማል። ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡ ጉርምርምታው ሁሉ እርስዎ ላይ ይከመራል። ክፍሉ ትክክለኛ መሃል ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ቤዙ ይጠፋል። ብዙ ሰው ጥፋቱ የስፒከሩ መስሎት ሌላ ይገዛል፤ መንቀሳቀስ የነበረበት ግን ሶፋው ነው።

ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ግድግዳም ሥራ አለው። ከዉፈሩ እስከ ግድግዳው 50 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 171 ኸርዝ አካባቢ ቀጥታውን ያጠፋዋል። እዚያ ላይ የወንድ ዘፋኝ ሙላት አለ፤ ድምፁ ይሳሳል። ርቀቱን ወደ 1 ሜትር ካሰፉት ጉድጓዱ ወደ 86 ኸርዝ ይወርድና የዘፋኙ ድምፅ ይተርፋል። ወለሉ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው በየ10 ሴንቲሜትሩ ምልክት ያድርጉ። አንድ የሚያውቁትን የወንድ ድምፅ እየደጋገሙ ስፒከሩን ከምልክት ወደ ምልክት ያንቀሳቅሱት። ድምፁ ሞልቶ ከሁለቱ መሃል ግጥም ብሎ የሚቆምበት ቦታ አለ። ከዚያ ፊታቸውን በጥቂቱ ወደ እርስዎ ያዙሩ፤ ዘፋኙ መሃል ላይ ይበልጥ ይጠራል። ብዙ ካዞሩ ስፋቱ ይጠብባል።

በዚህ ከቆዩ በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ሰብዉፈሩን ይጨምሩ። ቦታውን ለማግኘት ሰብዉፈሩን ራሱን ወንበርዎ ላይ ያስቀምጡትና ቤዙ የሚመላለስ ሙዚቃ ይክፈቱ። ከዚያ እርስዎ ጎንበስ ብለው በግድግዳው ሥር ይሂዱ። ቤዙ አንዱ ቦታ ላይ ይጮሃል፣ አንዱ ላይ ይጠፋል፣ አንዱ ላይ እያንዳንዱ ኖታ እኩል ይሰማል። ሰብዉፈሩ የሚቀመጠው በመጨረሻው ላይ ነው። ክሮስኦቨሩን 80 ኸርዝ አካባቢ ያድርጉት፤ ዝቅ ካደረጉ ትንንሾቹ ይደክማሉ፣ ከፍ ካደረጉ ቤዙ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ያውቅበታል። አሁንም የሚያጉረመርም ነገር ካለ አንድ የመለኪያ ማይክሮፎንና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ችግሩ ስንት ኸርዝ ላይ እንዳለ ያሳይዎታል። በኢኳላይዘር (የተመረጠ ኸርዝን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው) ያበጠውን ብቻ ይቀንሱ። የጎደለውን ጉድጓድ በኃይል ለመሙላት አይሞክሩ፤ ክፍሉ የሚሰጡትን ሁሉ ይውጠዋል፣ አምፑም በከንቱ ይለፋል።